ሰነዱ ተገኘ፤ ጥያቄውስ?

ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። ጄኔራል ማሌቲ በዚያው ዕለት በደብረ ሊባኖስ ምክትል አበ ምኔቱን ጨምሮ 297 መነኮሳትን፣ ከእነርሱም ጋር ተባባሪ የተባሉ 23 ሌሎች ሰዎችን ማስረሸኑን የሚያበስር ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት በተራቸው መረሸናቸውን አስታወቀ። ድምሩ 449 ይሆናል። የታሪክ ተማሪ ይህን ቁጥር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ቁጥሩን ይገለብጣል፣ የግርጌ ማስታወሻ ያስገባለታል፤ አማካሪ መምህሩም «የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ተጠቅሟል» ብሎ ያልፈዋል። ሥራው ያለቀ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ገና አልተጀመረም።

ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጭፍጨፋው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ ግድያው የተፈጸመባቸውን ቦታዎች በእግራቸው ፈልገው፣ በሕይወት ከነበሩ ምስክሮች ቃል ሰብስበው የደረሱበት ግምት ከ1,423 እስከ 2,033 የሚደርስ ሰው መገደሉን ያሳያል። ከቴሌግራሙ ቁጥር ሦስትና አራት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ተማሪው ምን ያድርግ? ቴሌግራሙ በዕለቱ የተጻፈ፣ ቀንና ላኪ ያለው፣ በመዝገብ የተቀመጠ ወረቀት ነው። የምስክሮቹ ቃል ዘግይቶ የተሰበሰበ የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። በክፍል ውስጥ እንደተማረው ከሆነ «የተጻፈው ይበልጣል» ብሎ 449ን ሊመርጥ ይችላል። ወይም ስሜቱ የመራው እንደሆነ ትልቁን ቁጥር አንሥቶ ቴሌግራሙን ይጥላል። ሁለቱም መንገዶች ሰነዱን ሳያነቡ መወሰን ናቸው።

ሰነድ ማንበብ ማለት ጸሐፊውን፣ ተቀባዩንና የተጻፈበትን ምክንያት አብሮ ማንበብ ነው። ግራዚያኒ የካቲት 12 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በወረወሩት ቦምብ የቆሰለ ሰው ነው። የገዳሙ መነኮሳት ከዚያ ሙከራ ጋር ግንኙነት አላቸው ብሎ ወስኗል፤ መነኮሳቱ ያለ ልዩነት እንዲረሸኑም ራሱ አዟል። ቴሌግራሙ እንግዲህ ትእዛዙ ተፈጸመ ብሎ ለአለቆቹ የሚያቀርበው ሪፖርት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ተማሪው ሰነዱ በየትኛው ነገር ላይ እንደሚታመንና በየትኛው ላይ እንደማይታመን መለየት ይችላል። ግድያው መፈጸሙን፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደፈጸመ፣ ዲያቆናቱ ቀድሞ ተርፈው ኋላ እንዲገደሉ መወሰኑን ለማረጋገጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም፤ ገዳዩ በራሱ ላይ የመሰከረው ምስክርነት ነውና። የመነኮሳቱን ጥፋተኝነት በተመለከተ ግን የከሳሹ ቃል ብቻ ነው። ቁጥሩም ቢሆን «መነኩሴ»፣ «ተባባሪ»፣ «ዲያቆን» በሚሉ ሳጥኖች ውስጥ የገባውን ብቻ የቆጠረ ነው። ጭፍጨፋው የደረሰው ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በተከበረ ማግስት ነበር። ለበዓል ከየገዳሙና ከየሀገሩ የመጣው እንግዳ በየትኛው ሳጥን ተቆጠረ? ቴሌግራሙ ስለዚህ ዝም ይላል፤ የሽማግሌዎቹ ትዝታ ግን ይናገራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ቁጥር ከመገልበጥ አልፎ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያስረዳል።

ይህን ስናገር የሚከፋው አንባቢ እንዳለ አውቃለሁና ሚዛኑን ወደ ራሳችንም ላዙረው። በየካቲት 12 እና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት በአዲስ አበባ 30,000 ሰው ተገደለ የሚለው አኃዝ ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለኃያላኑ መንግሥታት ካቀረበው ማመልከቻ ጋር የሚሄድ ነው። ማመልከቻው ካሳ የሚጠይቅ ነበር። ካምቤል በኋላ ባደረገው ጥናት ያወጣው ግምት ወደ 19,000 የተጠጋ ነው። የኢጣሊያ ሹማምንት ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቁጥር ይጠሩ ነበር። ካሳ ጠያቂ መንግሥትም ሆነ ወንጀሉን የሚያሳንስ ሹም ለቁጥር የየራሱ ምክንያት አለው። በደል የደረሰበት ወገን ያቀረበው ሰነድ ከጥያቄ ነጻ አይሆንም፤ ቁጥሩን መጠየቅም የሟቾቹን ክብር አይነካም። እንዲያውም በደንብ የተጠየቀ ቁጥር ነው ከክህደት ጋር ሲጋጠም ጸንቶ የሚቆመው።

ስለ ታሪክ መጨቃጨቅ የምንወድ ሰዎች ነን። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ሆኖ ሲዘጋጅ ሞጁሉ ያስነሣውን ሙግት እናስታውሳለን። ሙግቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ትረካና በሌላ ትረካ መካከል ነበር። «እስቲ ወረቀቱን አምጡትና እንየው» የሚል ድምፅ ብዙም አልተሰማም። ይህ የሚያስገርም አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70 በ30 የተባለው የተማሪ ምደባ ከመጣ ወዲህ አብዛኛው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲሄድ የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ሳስተዋል። የቀረውም ተማሪ ስለ ምንጭ አጠቃቀም የሚማረው ከሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት በተገለበጠ ማስታወሻ ነው። የተመረቀ ተማሪ ለፈተና ያህል የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉምልሃል፤ አንድ ገጽ የድሮ ደብዳቤ ስትሰጠው ግን ከየት እንደሚጀምር ይጨንቀዋል።

ሰነድ የለም የሚለውን ምክንያት አልቀበለውም። የግራዚያኒን ቴሌግራሞች ለማየት ሮም መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኢጣሊያን የጦር ወንጀል የሚያሳዩ ሰነዶችን በሁለት ጥራዝ አሳትሟል። አንደኛው የኢጣሊያ ቴሌግራሞችንና መመሪያዎችን የያዘ ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ በመሐላ የተሰጡ የምስክርነት ቃሎች አሉ። የገዳይና የተበዳይ ቃል በአንድ ኅትመት ጎን ለጎን ማለት ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። የ19ኛውን መቶ ዘመን ለሚመርጥ ደግሞ በስዊድናዊው የታሪክ ምሁር በስቨን ሩቤንሰን መሪነት የተዘጋጁት ጥራዞች ከ1800 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎችና ውሎች ከነዋናው ጽሑፍ ፎቶግራፍና ትርጉም ይዘዋል፤ አጼ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትና መልሱ ለዓመታት የዘገየው የታወቀው ደብዳቤ በዚያ ውስጥ ነው። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የቤተ መንግሥቱን የአስተዳደር ሥርዓት፣ ግብርና ሹመት የሚያሳዩ ሰነዶችን ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን አስገብቷል። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ከ1917፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በታሪክ ተማሪ ዘንድ ስማቸው አዲስ አይደለም። ተቋሙ የሚገኘው በዚያው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የካቲት 12ን የሚያጠና ተማሪ ሰነዱን የሚያነብበት ግቢ ድርጊቱ የተፈጸመበት ግቢ ነው።

አሁን ወደ መዝገብ ቤት እንግባ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ተማሪ ቅርቡ ያለው ሀብት የቀድሞ ጠቅላይ ግዛቶችና አውራጃዎች ፋይል ነው። ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የጎጃምን የአስተዳደር መዛግብት የያዘ ማዕከል አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የደጋ ዳሞት ገበሬዎች የመሬት ልኬታው ርስታችንን ያሳጣናል በሚል ስጋት ተነሡ። አገዛዙ በፖሊስና በጦር፣ በአየር ድብደባም ጭምር ሊያስቆማቸው ሞከረ፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፍ ግብሩን ማሩ። ይህን የመሰለ ጉዳይ በፋይል ውስጥ ሲገኝ በአስተዳዳሪዎች ብዕር የተጻፈ ነው። ገበሬው «ሽፍታ»፣ ስብሰባው «አድማ»፣ ስጋቱ «የአሳሳቾች ወሬ» ይባላል። ተማሪው እነዚህን ቃላት እንዳሉ ወስዶ «በዚያ ዘመን ሽፍቶች ተነሥተው ነበር» ብሎ ከጻፈ የአስተዳዳሪው ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው።

ፋይል የሚነበበው ከዋናው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ደብዳቤው አናት ላይ ቁጥርና ቀን አለ፤ ገቢ የሆነበት ቀን ከተጻፈበት ቀን ምን ያህል እንደራቀ ማየት ነው። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ጸሐፊው ነገሩን ምን ብሎ ሊመድበው እንደፈለገ ይናገራል፤ ስለ ርስት የቀረበ አቤቱታ «ጸጥታን ስለሚመለከት» ተብሎ ከተመዘገበ ውሳኔው ገና ከርእሱ ተጀምሯል። ከግርጌው «ግልባጭ» የሚለው ዝርዝር አለ፤ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ለፖሊስ ብቻ የተገለበጠ ደብዳቤና ለፍርድ ቤትም የተገለበጠ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም። በዳር ላይ በሌላ እጅ የተጻፈው ምሪት፣ «ይጣራ»፣ «ይታሰር»፣ «መልስ የለውም» ዓይነቱ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ገጽ ሪፖርት ይበልጣል። የገበሬዎቹ አቤቱታ ራሱ የቀረበ እንደሆነም ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በራፖር ጸሐፊ ወይም በቄስ እጅ ሲያስጽፍ ቃሉ የማመልከቻን ወግ ይለብሳል። ያም ሆኖ የጣት አሻራው የሱ ነው።

ፋይሉ የማይነግረውን ደግሞ ሰው ይነግራል። በ1960 ወጣት የነበሩ አባቶች ዛሬም አሉ። ቃለ መጠይቁ ግን ከፋይሉ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ስም፣ ቀንና ቦታ ይዞ የሚጠይቅ ተማሪ «እንደው በዚያ ዘመን ምን ሆነ አባባ?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያገኛል። ትዝታም እንደ ወረቀቱ ሁሉ ይጠየቃል፤ ሰውየው ያየውን ነው የሚነግረኝ ወይስ የሰማውን? ዛሬ በሚያምንበት ነገር ዓይን ነው ወይ የትናንቱን የሚያየው?

ቀን ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚበላሸው እሱ ነውና። የዘመን አቆጣጠር ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። የአጼ ምኒልክ የክተት አዋጅም የዓድዋ ድልም በ1888 ዓ.ም. ውስጥ ናቸው፤ በፈረንጁ ግን አዋጁ በ1895፣ ድሉ በ1896 ይውላል። በጅምላ ስምንት የሚደምር ተማሪ አዋጁን አንድ ዓመት ያዘገየዋል። የፋሺስት ኢጣሊያ ሰነዶች ላይ ከዓመቱ ቀጥሎ የሮማ ቁጥር አለ፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር ነው፤ በግንቦት 1937 እ.ኤ.አ. በወጣ ወረቀት ላይ አሥራ አምስትን ማግኘት አለብን። በእኛ በኩል ደግሞ ጥሩ መፈተኛ አለ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምረን ለአራት ስናካፍል ቀሪው አንድ ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 1888 ዮሐንስ ነው፤ 1929 ማቴዎስ። ዓመቱና ወንጌላዊው የማይገጥሙበት ሰነድ ሲያጋጥም ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ ገልባጩ፣ ወይም ወረቀቱ ኋላ የተሠራ ነው።

ኋላ የተሠራ ወረቀት ደግሞ በዘመናችን በዝቷል። በፌስቡክና በቴሌግራም በነገሥታቱ ስም የሚዞሩ «ታሪካዊ ደብዳቤዎች» አሉ። አንዳንዶቹ እንኳን ማኅተም፣ የዘመኑን የአጻጻፍ ወግ እንኳ አልያዙም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጻፈው ፊደሉ የኮምፒውተር ነው! የንጉሥ ደብዳቤ በጸሐፊ እጅ ይጻፋል፣ ማኅተሙም ከአናቱ ላይ ያርፋል፤ ይህን የሚያውቅ ተማሪ ግማሹን ሐሰት በአንድ እይታ ይጥላል። ዋናው ጥያቄ ግን «ዋናው ቅጂ የት ነው ያለው?» የሚለው ነው። መልስ ከሌለው ሰነዱ ለጥናት አይውልም፤ ምናልባት ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ለሚያጠና ሰው ይጠቅም ይሆናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገሩን አባብሶታል። ስለ አንድ ዓመፅ ጽሑፍ አዘጋጅልኝ ሲባል የአቃፊ ቁጥርና የፋይል ቁጥር ያለው፣ ዓይን የሚሞላ፣ በየትኛውም መደርደሪያ ላይ የማይገኝ ማስረጃ ይፈጥራል። መምህሩ ይህን የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ፤ ተማሪው የፋይሉን ሽፋን ፎቶግራፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ።

ከፋይል ቀድሞ የነበረው መዝገባችን ወንጌል ነው። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የውርስ ክርክር በወርቅ ወንጌሉ ባዶ ገጾችና ዳርቻዎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ማንም እንዳይፍቀው። የምስክሮቹ ስምና ሹመት ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም የሻረ «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» ይወገዛል። ውግዘቱ እንደ ማሳረጊያ ጸሎት ተዘልሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ማን ይሽረው ይሆን ተብሎ እንደተፈራ የሚነግረን እሱ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ስብስብ በማጥናትና ዝርዝሩን በማዘጋጀት ነበር። ዛሬ ብዙው በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር፣ ከግእዙ ጥቂት የሚያውቅ የእኛ ልጅ የአያቱን አገር ደብር መዝገብ ከቤቱ ሆኖ ሊያነብ ይችላል። የግእዝ ዕውቀት ግን ግዴታ ነው፤ የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ግእዝን እንደ ጌጥ የሚያዩበት ምክንያት ዛሬም አይገባኝም።

በር ላይ ያለው ችግርም መነገር አለበት። ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ መዝገብ ቤቱ ይከፈትለታል፤ አንዳንድ ቦታ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ፋይሉ በጆንያ ታስሮ በአሮጌ ወንበሮች ሥር ተጥሏል። የፍርድ ቤትና የወረዳ ወረቀት «ቦታ ያጣበበ» እየተባለ ሲቃጠል ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ርእስ ከመመረጡ በፊት ሰነዱ መኖሩንና መከፈቱን ማረጋገጥ ይቀድማል። «የጎጃም ታሪክ ከ1933 እስከ 1966» የሚል ርእስ ይዞ ሰነድ ከመፈለግ፣ የተገኘውን አንድ ወፍራም ፋይል ይዞ ከሱ የሚወጣውን ጠባብ ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል። አንድ የእድር መዝገብ እንኳ ሞልቶ የተረፈ ጥናት ይወጣዋል፤ ማን በስንት ብር ገባ፣ ማን ተቀጣ፣ በ1967 እና በ1970 መካከል የቀብሩ ብዛትና የሟቾቹ ዕድሜ እንዴት ተለወጠ?

መምህራን ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። በሁለተኛ ዓመት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሰነድ፣ አንድ ብቻ፣ መስጠት፤ ስለ እሱም አራት ገጽ እንዲጽፍ ማድረግ። ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ዝም አለ፣ ከየትኛው ሌላ ሰነድ ጋር ይጋጫል? ከኢንተርኔት የሚገለበጥ መልስ ስለሌለው ማጭበርበሩም አስቸጋሪ ይሆናል። ነጥቡ የሚሰጠው ሰነድ በመጥቀስ ብዛት ሳይሆን ለሰነዱ በቀረበው ጥያቄ ጥራት መሆን አለበት፤ አርባ የፋይል ቁጥር ደርድሮ አንዱንም ያልመረመረ ጽሑፍ ከፍተኛ ነጥብ ሲያገኝ ተማሪዎቹ ምን እንደሚማሩ ግልጽ ነው።

ተማሪው ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ ደግሞ በስልኩ ፎቶግራፍ ማንሣት ከተፈቀደለት መጀመሪያ የአቃፊውን ሽፋን፣ ቀጥሎ የፋይሉን፣ ከዚያ ገጾቹን በቅደም ተከተል፣ ባዶ የመሰለውን ጀርባ ሳይተው ያንሣ። በዕለቱ ማታ የተቋሙን ስም፣ የአቃፊና የፋይል ቁጥሩን፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝግብ፤ ከሦስት ወር በኋላ በስልክ ውስጥ ያለ ስም የለሽ ፎቶግራፍ ማስረጃነቱን አጥቷል። ተመርቆ ሲወጣም ያነሣቸውን ገጾችና የቀዳውን ቃለ መጠይቅ፣ የተናጋሪዎቹን ፈቃድ ይዞ፣ ለትምህርት ክፍሉ ቅጂ ማስቀረት አለበት። አሁን ባለው አሠራር የሚረከበው የተጠረዘው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ቅጂው ከስልኩ ጋር ይጠፋል፤ ዋናው ፋይል የተቃጠለ እንደሆነም የሚቀረው የግርጌ ማስታወሻው ነው።